የኡሙሰልማ ወስፌ

እናንተዬ፣ ኡሙሰልማን የማያውቅ የደሴ ሰው ካለ ወይ ጆሮው አይሰማም፣ ወይ ትናንት ነው ከአዲስ አበባ የመጣው። ፒያሳ ላይ ቆማ ስትጣራ ጦሳ ተራራ ላይ እንጨት የሚለቅም ሰው "አቤት!" ይላል። አጭር ናት። ግን ከረጅም ሰው ጋር ስትጣላ አንገቷን ቀና አታደርግም፤ ረጅሙ ነው የሚጎነበሰው። ሰውን ቀድማ የምትሰድበው እንዳይሰድቧት ነው የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። ስለሚጥማት ነው።

ባሏ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ወጥቶ አልተመለሰም። ሞተ የሚሉ አሉ፣ ጅቡቲ አግብቷል የሚሉም አሉ። እኔ ሁለተኛውን ነው የማምነው፤ ሲሄድ አዲሱን ጫማውን አድርጎ ነው የሄደው።

ታዲያ የምን ሠራተኛ ነበረች መሰላችሁ? የቅሬያችን ዕቃ ጠባቂ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ ነው የምንለው። ሰርግም ይሁን ሰደቃ የቅሬው ዕቃ ብቻ አይበቃም፤ ሰፈሩ በሙሉ ትሪውንም ድስቱንም ይዞ ይመጣል። ድግሱ ሲያልቅ ያ ሁሉ ታጥቦ ተራራ ሆኖ ይከመራል። ትሪ ሁሉ ነጭ፣ ትሪ ሁሉ ዳሩ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው። ማን የማንን ይለያል? ኡሙሰልማ አንዱን ብድግ ታደርግና ሆዱን ገልብጣ ታያለች።

"ይሄ የሸህ ሙሄዲን ቤት። ይሄ የቄስ ገብረ ማርያም ቤት።"

"በአላህ፣ እሱማ የኔ ነው!" ትላለች አንዷ።

"ያንቺ ሆዱ ላይ ሁለት ጭረት አለው፤ ይሄ አንድ ጭረትና አንድ ነጥብ ነው። ያንቺን ጎረቤትሽ ወስዳዋለች። ሂጂና እዚያ ተጣዪ፣ እኔን አታድርቂኝ።"

ለእያንዳንዱ ቤት ምልክት የሰጠችው ራሷ ናት፤ የአንዱ ቤት ምልክት ከሌላው ጋር አይገጥምም። እኔ ያኔ ይሄ ብልሃት ሳይሆን ክፋት ነበር የሚመስለኝ።

ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ። ስለ ሰባ ሰባት ብዙ አላወራም፤ ያየ አይቶታል። ኮምቦልቻ ዳር መጠለያ ተተከለና ሰው ከወረባቦ፣ ከቃሉ፣ ከአምባሰል እየወረደ ሞላው። ኡሙሰልማ የመጠለያውን ዕቃ እንድትጠብቅ ተጠርታ ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ወረደች። እኔም ገንፎ ላማስል አብሬ ወረድኩ።

እዚያ ግን የጠበቃት ትሪ አልነበረም። ልጆች ነበሩ፤ ብቻቸውን የመጡ። ልጁ ደክሟል ተብሎ መኪና ላይ ይጫናል፣ ወላጅ በእግሩ ይከተላል፤ መኪናው ደሴ ይገባል፣ ወላጅ ባቲ ይደርሳል፤ በቃ ተጠፋፉ። በየድንኳኑ አንድ ጸሐፊ አንድ ወረቀት ይዞ የልጆቹን ስም ይጽፋል። ልጁ ሲታመም ወደ ሌላ ድንኳን ይዛወራል፤ እዚያ እንደ አዲስ ይጻፋል፣ እዚህ አይሰረዝም። ስለዚህ አንዱ ልጅ ሁለት ቦታ ይኖራል፣ ሌላው የትም የለም። እናት መጥታ የልጇን ስም ስትናገር ጸሐፊው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ይዳስሳል። እንኳን ልጅ፣ በዚያ አኳኋን ግመልም አይገኝ።

እንዲህ ስንተራመስ ነው አቶ ፈንታሁን ከአዲስ አበባ የመጣው። ቀጭን፣ መነጽራም፣ ድምፁ ከአፍንጫው ትንሽ ወጣ ብሎ የሚመለስ። ትሕትናውስ! ወጥ ቤታችን በር ላይ አንዲት ፍየል ተኝታ ነበር። እሱ ሆዬ ሳጥን ተሸክሞ ቆሞ፣ "እባክዎን ይቅርታ ያድርጉልኝና ትንሽ ፈቀቅ ቢሉልኝ?" አላት። ለፍየሏ ነው እኮ! ፍየሏም ተነሳችለት።

ሳጥኑን ሲከፍት ሁላችንም ተጠጋን፤ ብስኩት መስሎን ነበር። ካርድ ነው፣ ጠንካራ ካርድ፤ ዙሪያውን ከዳር እስከ ዳር በቀዳዳ የተሞላ።

"ሱብሃነላህ!" አለች ኡሙሰልማ። "አገሩ እህል እህል ይላል፣ አንተ ቀዳዳ ጭነህ መጣህልን?"

"እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱኝ።"

"ብል የበላው ነው ወይስ ሲገዛም እንዲህ ነው?"

አልተቆጣም። ወጥ ቤት ያለነውን ሠራተኞች ደረደረንና ለእያንዳንዳችን አንድ ካርድ አወጣ። መካከሉ ላይ ስማችንን ጻፈ። ከዚያ ይጠይቀን ጀመር። ከደሴ ነህ? አዎ ካልክ አንዱን ቀዳዳ በመቁረጫ እስከ ዳሩ ድረስ ሸንቁሮ ይከፍተዋል፤ አይደለሁም ካልክ እንዳለ ይተወዋል። አግብተሻል? ሌላ ቀዳዳ። ፈትተሽ ታውቂያለሽ? ሌላ ቀዳዳ። ሲጨርስ ካርዶቹን እንደ ካርታ በወዛቸውና ለኡሙሰልማ ረጅም ሽቦ አሳያት።

"የፈለጉትን ይጠይቁ።"

ኡሙሰልማ ምን ትጠይቅ? ወሬ ነዋ! "ከደሴ የመጣች፣ ፈትታ ደግማ ያገባች" አለች።

ለደሴው ቀዳዳ ሽቦውን በካርዶቹ ሁሉ ውስጥ አሳልፎ ብድግ አደረገው። ዳሩ የተከፈተው ካርድ ምን ይዞት ይንጠለጠል? ተንሸራቶ ወደቀ። ያልተከፈተው እሽቦው ላይ ቀረ። የወደቁትን ሰበሰበና ሽቦውን በሁለተኛው ጥያቄ ቀዳዳ፣ ከዚያ በሦስተኛው አሳለፈ። መጨረሻ ላይ አንዲት ካርድ ብቻዋን መሬት ላይ ተኛች። አነበባት፦ "ወይዘሮ የኔነሽ።"

የኔነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኛ ግን ሳቅ አልመጣልንም። እኔ ይሄን ወሬ ለማግኘት ሦስት ዓመት ጎረቤት ኖሬያለሁ፤ ያ ሽቦ ማንንም ሳያማ፣ ማንንም ሳያባብል፣ ከተበወዘ ክምር ውስጥ ባንድ ትንፋሽ አወጣው። ወላሂ ጸጉሬ ቆሞ ነበር።

"ወሬ ማጠራቀምማ ማንም ያጠራቅማል" አለ ፈንታሁን፣ መነጽሩን እየጠረገ። "እህል ቋት ውስጥ እንደሚከተት ነው። ቁም ነገሩ የፈለጉትን ፍሬ ለይቶ ማውጣቱ ነው።"

እሱ ሽቦውን ዘንግ አለው። እሷ ወስፌ አለችው። ወስፌ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ጉድ ሆኑ። ከየመጠለያው፣ ከባቲም ከሐይቅም ከደሴም፣ ብቻውን የመጣ ልጅ ሁሉ ካርዱ ኮምቦልቻ መጥቶ በኡሙሰልማ እጅ ይገባል። ለአንድ ልጅ አንድ ካርድ ብቻ። ቁጥሩ ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ የልጁ እጅ ላይ ታስሯል። ልጁ ከድንኳን ድንኳን፣ ከከተማ ከተማ ቢዞር ካርዱ አይዞርም፤ ያለበት ቦታ ብቻ እዚያው ላይ ይታረማል። ጠያቂ ሺህ ይሁን፣ ቆራጭ አንድ፤ ከኡሙሰልማ በቀር መቁረጫውን የሚነካ የለም። አንዴ አንድ ጸሐፊ ሊረዳት ብሎ ሲያነሳው የወረደበትን እርግማን እዚህ አልደግመውም፤ ሰውየው እስካሁን በህይወት ካለ ይከፋዋል።

ችግሩ ጥያቄው ነበር። ፈንታሁን ይዞት የመጣው ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም የሚል ነው። እስቲ አምስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጠይቁት!

"አገርህ የት ነው?"

"ቤታችን ጋ።"

"ቤታችሁስ?"

"አገራችን።"

"አባትህ ማን ይባላል?"

"አባ።"

ፈንታሁን ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ቆየና፣ "እኔ በዚያ ዕድሜ የማውቀው የበሬያችንን ስም ነበር" አለ። ኡሙሰልማ ካጠገቡ ዘላ ተነሳች። "ታዲያ እሱን ጠይቅ!" በዚያ ቀን የጨመሯቸው ጥያቄዎች ናቸው ነገሩን ያዳኑት። በሬያችሁ ቡሬ ነው፣ ዳለቻ ነው፣ ቦራ ነው? የምትጠጡት ውኃ ከየትኛው ወንዝ ነው? ስትበሉ ቢስሚላህ ነው የምትሉት በስመ አብ? ማሽላ ነው የምትዘሩ ገብስ? የእማ ስም ምንድነው? ይሄን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ለስም ደግሞ በየመጀመሪያ ፊደሉ አንድ ቀዳዳ ተሰጠው፤ የዘሀራ በ"ዘ"፣ የመርየም በ"መ"።

"የማታውቁትን እንዳትቆርጡ" ይላል ፈንታሁን። "ያልተቆረጠ ቀዳዳ አላውቅም ማለት ነው፤ ነውር የለውም። ገምቶ የተቆረጠ ግን ውሸት ነው፤ ወስፌው ደግሞ ውሸቱን እንደ እውነት ነው የሚያወጣው።"

የመጀመሪያው አባት ሲመጣ አልረሳውም። ቡሬ በሬ፣ ማሽላ፣ የቦርከና ውኃ፣ እናቱ በ"አ"። ወስፌው ተነሳ፣ ካርድ ወደቀ፣ ልጁ ከሦስተኛው ድንኳን መጣ። ሰውየው ልጁን ትቶ መጀመሪያ ወስፌውን ነው የሳመው። በነጋታው ወሬው ቢስቲማ ደርሷል። ኡሙሰልማ ቃልቻ ሆነች ተባለ። የጠፋ ግመል ፈልጊልኝ የሚል መጣ። አንዷማ ደሴ ድረስ ሄዳ ጫት ይዛ መጥታ፣ "ባሌ ከማን ጋር እንደሚያመሽ በወስፌው ጠይቂልኝ" አለቻት።

"የኔ እህት" አለቻት ኡሙሰልማ፣ "ወስፌው ያልነገሩትን አያውቅም። ባልሽን አምጪውና ልቁረጠው።"

እንዲህ ስንል ዓመቱ ዞረ። አንድ ቀን ጓድ ብሩ መጣ። ጓድ ብሩ የመጓጓዣው ኃላፊ ነው፤ ሰፊ ደረት፣ ካኪ ሸሚዝ፣ ሲናገር ሁልጊዜ ሺህ ሰው ፊቱ የቆመ ይመስለዋል። ገንፎ ቤት ገብቶ ለሦስት ሰው፣ "ጓዶች! ወላጅ ያልተገኘላቸው ሕፃናት ቅዳሜ ወደ ደቡብ፣ ወደ ማሳደጊያ ይጓዛሉ! ትዕዛዙ ከበላይ የወረደ ነው! የወረደ ትዕዛዝ ደግሞ ተመልሶ አይወጣም!" አለ። አውቶቡሶቹ ከደሴ ይነሳሉ፤ በኮምቦልቻ ኬላ ያልፋሉ፤ አለቀ። አንዴ ወደዚያ ከሄዱ ወሎ ያለች እናት የት ብላ ትደርስባቸዋለች?

ቅዳሜ ጠዋት ዘሀራ መጣች።

ከወረባቦ ነው የመጣችው። ወጣት ናት፤ ግን ፊቷ ላይ ዕድሜዋን የሚናገር ነገር አልቀረም ነበር። እሷ ባቲ እንጨት ልትሸጥ ወርዳ ስትታመም እናቷ የልጅ ልጇን ይዛ ከአገር ወጣች። አሮጊቷ መንገድ ላይ ሞተች፤ ልጅቱን መኪና ላይ ጫኗት። ይሄን የነገራት የአገሯ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ባቲን ፈለገች፣ ሐይቅን ፈለገች። "ሰዓዳ ነው ስሟ" አለች፣ በሩ ላይ ቆማ። "እዚህ ካጣኋት እንግዲህ መሄጃ የለኝም።"

"አብሽሪ፣ ግቢ" አለቻት ኡሙሰልማ፤ ወስፌውን አንስታ ነበር። "በሬያችሁ?"

"ዳለቻ።"

"ውኃችሁ?"

"ሚሌ።"

"ስምሽ?"

"ዘሀራ።"

ሰዓዳ በ"ሰ"፣ ዳለቻ፣ ሚሌ፣ እናት በ"ዘ"። ወስፌው ገባ፣ ተነሳ። ነቀነቀችው። አንድም አልወደቀም።

እንደገና አስተካክላ ሰካችው። አንድም።

ዘሀራ የካርዶቹን ሳይሆን የኡሙሰልማን ፊት ነበር የምታየው። "ምን አለ?" አለች ቀስ ብላ። "ወስፌው ምን አለ?"

"ገና ነው። በሬውን እንተወው፤ ልጅ በሬ ትስታለች።" አሁንም የለም። "ውኃውን እንተወው።" የለም።

ፈንታሁን ከኋላ ቆሞ፣ "እትዬ፣ የእናቷንስ ስም ቢተዉት?" አለ።

"አንተ ልጅ፣ ልጅ በሬ ትስታለች፤ እናቷን ትስታለች? የእናቷን ከተውኩት በ'ሰ' የሚጀምረው ሁሉ እንደ በረዶ ነው የሚወርድብኝ፤ ግማሹ ደሴ፣ ግማሹ ሐይቅ። የማንን ፊት አይቼ እጨርሳለሁ? አውቶቡሱ እኮ እየመጣ ነው!"

እውነቷን ነው፤ ፀሐይዋ ወጥታለች። ኬላው ጋ የፊተኛው አውቶቡስ ደርሷል ብሎ ዘበኛው ነገረን።

እኔ ለዘሀራ ትንሽ ገንፎ በጣሳ ይዤላት ሄድኩ። ተቀበለችኝ እንጂ አልበላችም። ከእኔ ጋር ይሁን ከራሷ ጋር ሳይለይ ታወራ ጀመር። "እናቴ ብትኖር ኖሮ አትጥላትም ነበር። ሰዓዳ ከሷ ጀርባ ወርዳ አታውቅም። እማ ስትል ያገሩ ሰው ሁሉ እናቴን ነበር የሚያይ። እኔማ በልጅነቴ ነው የወለድኳት፣ እህቷ ነው የምመስላት፤ 'ዘሁ' ነው የምትለኝ።"

ኡሙሰልማ ወስፌውን ጣለችው።

አንስታም አላየችውም። ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ፣ "ያ ረቢ!" አለች። "ያ ረቢ፣ እኔ ራሴ! እስካገባ ድረስ እናቴን በስሟ እየጠራሁ ያደግሁ ሴትዮ! አያቴን እማ፣ እናቴን ከድጃ! ከየት አገር መጥቼ ነው ይሄን ያልጠየቅሁት?"

ግማሹ ወሎ እኮ እንዲህ ነው ያደገው። የመጀመሪያ ልጅ የአያት ነው፤ አያቱን እማ ይላል፣ እናቱን እንደ እህት በስሟ ይጠራል። ልጅቱ አልዋሸችም፤ የእማ ስም ማን ነው ብለው ሲጠይቋት የእማን ስም ነው የተናገረች። ወስፌው አልዋሸም። እኛ ነን ያንን ስም የእናት ብለን የቆረጥነው።

"የእናትሽ ስም?" ብላ ጮኸች ኡሙሰልማ።

"መርየም።"

ሰ። ዳለቻ። ሚሌ። እማ በ"መ"። ፈንታሁን የካርዶቹን ክምር በሁለት እጁ ደግፎ ያዘላት። ወስፌው በየቀዳዳው አለፈ፤ ከየመጠለያው የመጣ የልጅ ካርድ ሁሉ ተንጠለጠለ፤ ኡሙሰልማ መጨረሻውን ነቀነቀች። አንዲት ካርድ፣ አንዲት ብቻ፣ ከዚያ ሁሉ መካከል ተለይታ እንደ ቅጠል ወረደች። ማንም ሊያነሳት አልደፈረም። ለእኔ የቁርኣን ቅጠል የወደቀች ነው የመሰለኝ። ዘሀራ ማንበብ አትችልም፤ ተንበርክካ እጇን ላዩ ላይ አደረገች።

ፈንታሁን አነበበላት። "ሰዓዳ። እማ መርየም፣ አባ በሺር።"

"አባቴ ነው! በሺር አባቴ ነው!"

"ያለችበት ቦታ፣ ደሴ" አለና ከሥሩ የተጻፈውን አነበበ። "ዛሬ ትሄዳለች። ሁለተኛው አውቶቡስ።"

በፈንታሁን ላንድሮቨር እንዴት እንደበረርን አትጠይቁኝ። ያ "እባክዎን" የሚል ሰው ያን ዕለት መንገድ ላይ የነበረ አህያ ሁሉ ሰድቧል። ኬላ ስንደርስ የፊተኛው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል፤ ሁለተኛው ከኋላው፣ ሦስተኛው ከዚያ ኋላ። ጓድ ብሩ ገመዱ ጋ ቆሟል።

"ሁለተኛውን አስቁምልኝ!" አለች ኡሙሰልማ።

"ጓዲት፣ አይቻልም! እያንዳንዱ ሰው ልጅ ጠፋብኝ ባለ ቁጥር አውቶቡስ እያስቆምን ፊት ልናይ ነው? ትዕዛዝ ነው!"

"ፊት አላይም። ቁጥሯን ይዣለሁ። ይኸው ካርዷ፣ ይኸው እናቷ።"

ጓድ ብሩ ካርዱን ተቀብሎ አነበበ። "እማ መርየም ይላል። እሷ ማን ትባላለች?"

"ዘሀራ።"

"ታዲያ!" አለና ደረቱን ነፋ። "ስሙ አይገጥምም! ለማይገጥም ስም ሕፃን አሳልፌ አልሰጥም!"

እዚህ ላይ ኡሙሰልማ ትሰድበዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሰደበችውም። ቀረብ ብላ እንደ ልጇ ክንዱን ያዘችው። "ጓድ ብሩ፣ አንተ ልጅ ሆነህ እማ ያልካት ማንን ነው?"

"ምን አገናኘው?" አለ፣ ግን ድምፁ የስብሰባ ድምፅ አልነበረም።

"ማንን ነው?"

"...አያቴን።"

"የወለደችህንስ?"

"አረጋሽ ነበር የምላት። እስካሁንም አረጋሽ ነው የምላት።" ከዚያ አውቶቡሶቹን ዞሮ አያቸው። መስኮቱ ሁሉ የልጅ ፊት ነው። ገመዱን ስቦ መንገዱን የዘጋው ራሱ ነው።

ኡሙሰልማ ሁለተኛው አውቶቡስ ደረጃ ላይ ወጣች። ቁጥር አልጠራችም። "ዳለቻ የማን በሬ ነው?" አለች።

"የኛ!" አለ ከኋላ ወንበር አንድ ቀጭን ድምፅ።

ዘሀራ በኡሙሰልማ ክንድ ስር ሾልካ ገባች። ልጅቱ ከወንበሩ ወርዳ መተላለፊያው ላይ ቆማ ነበር፤ የእጇ ቁጥር ከእጇ ይሰፋል። አየቻት። ሮጣ የምትመጣ መስሎን ነበር፤ አልሮጠችም።

"ዘሁ" አለች፣ "ከስተሻል።"

ዘሀራ ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

"እማስ?"

"እማ አኼራ ሄደች።"

ልጅቱ ይሄን አሰበችው። "አንቺስ ትሄጃለሽ?"

"አልሄድም።"

"እሺ" አለችና የዘሀራን ቀሚስ ጨብጣ ያዘች። በቃ ይሄው ነው። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ያለቅስ ነበር።

እኛ እንግዲህ ጨርሰናል ብለን መውረድ ጀመርን። ኡሙሰልማ ግን አልወረደችም። በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ወደተቀመጠው ልጅ ጎንበስ ብላለች።

"ማን ነው የወለደችህ ብዬ ብጠይቀው ይሄም እማ ነው የሚለኝ" አለች ለፈንታሁን፣ ሳትዞር። "ሰዓዳ እንኳ እስካሁን ዘሁ እህቷ ናት ነው የምትለው። ሌላ ጥያቄ ነው የሚያስፈልገን።" ከዚያ ልጁን፣ "የእማ ፀጉር ነጭ ነው ጥቁር?" አለችው።

"ነጭ።"

"ቤት ውስጥ ፀጉሯ ጥቁር የሆነች ማን ነበረች?"

"ትርንጎ።"

ከጎኑ ያለችውን ጠየቀች። ነጭ አለች። ከኋላዋ ያለው ጥቁር አለ። ከዚያ ኋላ ያሉት ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ላይ "ነጭ!" አሉ። ፈንታሁን መነጽሩን አውልቆ፣ "እትዬ፣ ስንቱን እናት ነው የለም ብለን የመለስነው?" አለ። ጓድ ብሩ ከታች ቆሞ ሲሰማ ነበር።

"ሦስቱም አውቶቡስ" አለ ለሹፌሮቹ፣ "ወደ መጠለያው ይታጠፍ።"

"ትዕዛዙስ?" አለ አንዱ ሹፌር።

"እኔ እመልስበታለሁ። ታጠፍ!"

ልጆቹ ግቢያችን ውስጥ ሲወርዱ ወሬው ከኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ወሬ እንዲህ ነው። ትናንትና ከትናንት በስቲያ፣ "የለም፣ አልተገኘም" ተብለው የተመለሱ ሴቶች ሩቅ አልሄዱም ነበር፤ የሚሄዱበት የላቸውማ። አጥሩ ስር ተቀምጠዋል። ካርዶቹ ላይ ፈንታሁን ለምንም ሳይሰጥ የተዋቸው ጥቂት ባዶ ቀዳዳዎች ነበሩ። ኡሙሰልማ አንዱን ለነጭ ፀጉር ሰጠችው። የጥቁር ፀጉሯን ሴት ስም ደግሞ ከእማ ስም ጎን ጻፈች። ልጅ በልጅ፣ ካርድ በካርድ። ስትጠይቅ ሳትቸኩል ነው፤ ልጁ ካላወቀ አልቆረጠችም። እጇ አብጦ ጣቷ መቁረጫውን መያዝ ሲያቅተው ጓድ ብሩ፣ "እኔ ልቁረጥልሽ?" አላት። "ከኔ በቀር የሚቆርጥ የለም፤ አንተ እጄን እሽልኝ" አለችው። ጓድ ብሩ፣ በዚያ ካኪ ሸሚዙ፣ ቁጢጥ ብሎ እጇን አሸላት። በዓይኔ ያየሁት ነው።

የመጨረሻው ካርድ ሲያልቅ ክምሩን ፈንታሁን አቅፎ ያዘ። ወስፌው በነጭ ፀጉር ቀዳዳ ገባ። ኡሙሰልማ "ቢስሚላህ" አለች፤ ከጎኗ አንዲት የአምባሰል ሴት "በስመ አብ" አለች። ወስፌው ተነሳ።

ካርዶቹ ይወርዱ ጀመር። አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም። እየተንሸራተቱ፣ እየተሻሹ፣ መሬቱ ላይ እየተነጠፉ ወረዱ፤ ድምፁ በቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ዝናብ ነበር። ያን ዓመት ከሰማነው ዝናብ ሁሉ እሱ ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው። ማንም እጁን አልዘረጋም።

ኡሙሰልማ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን አነሳች፤ የጥቁር ፀጉሯን ሴት ስም ጮክ ብላ አነበበች። ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴት ከተቀመጠችበት ተነሳች።